ከክፍሉ ያስወጣኋት እኔ ነኝ



ባለፈው ዓመት በሐሙስ ማታ ፕሮግራማችን ላይ ስለ ኢብኑል ሀይሠም የተናገርኩት ልጅ እኔ ነኝ። የነበራችሁ ታስታውሱኛላችሁ። በ965 በበስራ ተወልዶ በ1040 አካባቢ ካይሮ ውስጥ ስለሞተው ሊቅ፣ ሰባት ክፍል ስላለው «ኪታቡል መናዚር» ስለተባለው ሥራው ተናገርኩ። ከእሱ በፊት የነበሩት ግሪኮች እነ ኤውክሊድ ዓይን ጨረር እየረጨ እንደሚያይ ያስቡ ነበር። እሱ ግን ብርሃን ከሚታየው ነገር ተነሥቶ ወደ ዓይን እንደሚገባ በጨለማ ክፍልና በቀዳዳ እየሞከረ አሳየ። ይህን ሁሉ በፕሮጀክተር ዘርዝሬ «ሙስሊሞች ለዓለም ማየትን አስተማሩ» ብዬ ዘጋሁ። ተክቢራ ተባለ። ደስ ብሎኝ ወደ ዶርም ተመለስኩ።

ያን ቀን ከግቢያችን በባጃጅ ጥቂት ደቂቃ በሚርቅ ቤት ውስጥ የስድስት ዓመት እህቴ ዳቦ ከሰሀን ላይ ለማንሳት በመዳፏ ጠረጴዛውን ትዳብስ ነበር። ስትዳብስ ስንት ጊዜ አይቻታለሁ። ለምን እንደምትዳብስ ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩም።

ይህን የምጽፈው ስለዚያ ነው።

እህቴን እዚህ ሚጣ እላታለሁ። ስሟ አይደለም፤ ስታድግ ስሟን ጋዜጣ ላይ ማውጣት አለማውጣት የራሷ ምርጫ ይሁን ብዬ ነው። ሚጣ ዳውን ሲንድረም አለባት። ለማታውቁት፦ በሰው ሴል ውስጥ 46 ክሮሞዞሞች አሉ፤ እነሱም 23 ጥንድ ናቸው። በእሷ ላይ 21ኛው ጥንድ ሳይሆን ሦስት ሆኖ ድምሩ 47 ነው። ሁኔታውን በ1866 ለመጀመሪያ ጊዜ በዝርዝር የጻፈው ጆን ላንግዶን ዳውን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው፤ ስሙም ከእሱ የመጣ ነው። ምክንያቱ ትርፍ ክሮሞዞም መሆኑ የታወቀው ግን በ1959 ነው። የእናት ጥፋት፣ የጂን ሥራ፣ የእርግማን ውጤት አይደለም። ይህን የጻፍኩት አንዳንዶቻችሁ ቤታችሁ ያለው ልጅ ላይ እነዚህ ሦስቱም ሲባሉ እንደሰማችሁ ስለማውቅ ነው። እኛ ቤትም ተብለዋል።

ሁለት ዓመት ሊሆናት ሲል ሐኪም ስሙን ነገረን። አባቴ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና «የአላህ ስጦታ ናት፤ አማና ናት» አለ። ከዚያ ወዲያ ስለ ምክንያቱ አልተነጋገርንም። ደህና ቤተሰብ ነን፤ አልደበቅናትም። ሰርግም፣ ለቅሶም፣ ዒድም ይዘናት እንሄዳለን። በዚህም ትንሽ እንኮራ ነበር። ብዙ ቤት ግን እንደዚህ ያለ ልጅ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይገባል። አዲስ አበባ ውስጥ በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል የመሠረተችው ዘሚ የኑስ ልጇ ኦቲዝም ያለበት እናት ነበረች፤ ብዙ ትግሏ ወላጆች ልጆቻቸውን ከጓዳ እንዲያወጡ ነበር። እኛ ይህን አልፈናል ብለን እናስብ ነበር። ለካ ልጅን ሳሎን አስቀምጦም መደበቅ ይቻላል።

እንዴት መሰላችሁ? አንዴ ስም ከተሰጣት በኋላ ሚጣ የምታደርገው ነገር ሁሉ በዚያ ስም ይተረጎም ጀመር። ደረጃ ላይ ቆማ ካለቀሰች «ያው እሷ እንዲህ ናት»። ሻይ ከደፋች «አትፍረዱባት»። የተሰጣትን ሁሉ አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ ስትይዝ «ማሽተት ትወዳለች»። ሥዕል ሲያሳዩዋት ፊቷን ስታዞር «አይገባትም»። ዓይኗን ስታሽ «እንቅልፏ መጣ»። አባቴ ከበሩ ሲገባ ድምፁን እስኪያሰማ ዝም ብላ ስታየው «ቆይታ ነው የምታስታውሰው»። ስድስት ምልክት ቆጠርኩላችሁ፤ ስድስቱም ፊት ለፊታችን ነበሩ። አንዱንም ከዓይን ጋር አላያያዝነውም።

በእርግጥ አንድ ጊዜ ተያይዟል። እናቴ ዓይኗን ስታሽ አይታ ማዝ ነው ብላ ጤና ጣቢያ ወስዳት ነበር። በዚህ አልፈርድባትም። የኛ አማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ ክፉኛ ካጠቃቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በደቡብ ጎንደር ያደግን ልጆች ተሰልፈን አዚትሮማይሲን ውጠናል፤ «ፊታችሁን ታጠቡ» የሚለውን ትምህርት በቃላችን እናውቃለን። ይህ ዘመቻ ብዙ ሰው ከመታወር አድኗል፣ አልሐምዱ ሊላህ። ነገር ግን እኛ ሰፈር የዓይን ሕመም ማለት ማዝ ብቻ፣ መድኃኒቱም ቅባት ብቻ መስሎ ቀረ። ለሚጣም የቴትራሳይክሊን ቅባት ተሰጣት፤ ተቀባች። ቅባት ግን ማየት የማትችለውን እንድታይ አያደርግም።

አሁን ወደ ርዕሴ ልምጣ።

ካቻምና ክረምት በሰፈራችን ለሕፃናት ቁርኣን አስቀራ ነበር። እኔም እዚያው የቀራሁ ነኝ፤ ጠዋት የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከዐስር በኋላ መድረሳ፣ እንዲህ እየተመላለስኩ ነው ያደግኩት። እናቴ ሚጣን አለባብሳ፣ ሒጃቧን አስተካክላ፣ እኔ በልጅነቴ የጻፍኩበትን ሉህ አስይዛ ላከቻት። «ከልጆቹ ጋር ትቀመጥ፣ ድምፁን እንኳ ትስማ» አለችኝ።

በመጀመሪያው ቀን አሊፍ፣ ባ፣ ታን ጻፍኩላት። ሉሁን አነሳችና አፍንጫዋ ላይ ለጠፈችው። ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር፤ ፊቷ ጠቆረ። ልጆቹ ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ልጆቹ ከትምህርቱ ይልቅ እሷን ማየት ሲይዙ ትዕግሥቴ አለቀ። ሉሁን ከእጇ ነጠቅኩ። «በእሱ አይቀለድም!» አልኳት፣ ጮኽ ብዬ። ደነገጠች። እጇን ይዤ ቤት አደረስኳትና እናቴን «ትንሽ ትደግ፤ አሁን ሌሎቹን እየረበሸች ነው» አልኳት።

እናቴ አልተከራከረችኝም። «እሺ ልጄ፣ አንተ ታውቃለህ» አለችና ሉሁን ጨርቅ አልብሳ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጠችው።

«አንተ ታውቃለህ» ያለችኝ የምር ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ቁርኣን ያኸተምኩ ነኝ። በቤታችን የሚያውቀው ሰው እኔ ነኝ።

ያ ሉህ ከአንድ ዓመት በላይ ቁም ሳጥን ላይ ኖረ።

ነገሩ የተገለጠው በዒደል ፊጥር ነው። ቤተሰቦቻቸው ሩቅ የሆኑ ጥቂት የጀመዓችን ተማሪዎች እኛ ቤት መጥተው ነበር። ከእነሱ መካከል አንዲት የነርሲንግ ተማሪ እህታችን ለሚጣ ተምር ሰጠቻት። ሚጣ ተምሯን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ዓይኗ አስጠግታ፣ ገለበጥ ገለበጥ አድርጋ አየቻት፤ ከዚያ በላች። እህታችን ሁለተኛ ተምር አነሳችና ምንም ሳትናገር ትንሽ ራቅ አድርጋ ዘረጋችላት። ሚጣ አልተንቀሳቀሰችም። ቀረብ አደረገችው። ሚጣ ተቀበለች። ያኔ ወደ እናቴ ዞር ብላ «እማማ፣ ዓይኗን ታይታ ታውቃለች?» አለቻት።

እናቴ «ቅባት ተሰጥቷት ነበር» አለች።

«ሕመሙን ሳይሆን ማየቷን ማለቴ ነው።»

ቤቱ ጸጥ አለ። በስድስት ዓመት ውስጥ ይህን ጥያቄ የጠየቀን ሰው አልነበረም። እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። የምማረው መካኒካል ምህንድስና ቢሆንም ሌንስና ብርሃንን ከ12ኛ ክፍል ጀምሮ አውቃለሁ፤ ፈተና ላይም አግኝቼበታለሁ።

በማግሥቱ እዚሁ ከተማ ውስጥ አንድ ቦታ ወሰድናት። ግድግዳው ላይ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን የዞረ የ«ኢ» ፊደል ያለበት ሰሌዳ ተሰቅሏል። «ወደየት ነው የዞረው? በጣትሽ አሳዪ» ተባለች። ሚጣ ጣቷን አየች። ሦስት ጊዜ ተሞከረ። ከዚያ ካርዷ ላይ በእንግሊዝኛ «አልተባበረችም» ተብሎ ተጻፈና ስታድግ እንድንመልሳት ተነገረን። «ትንሽ ትደግ» የሚለውን ቃል ሁለተኛ ሰማሁት። መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ነበርኩ።

መንገዱ ደህና በሆነበት ሳምንት እናቴን፣ ሚጣንና እኔን የያዘ ሚኒባስ በወረታ፣ በአዲስ ዘመን አድርጎ ጎንደር ገባ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ማዕከል አለው፤ ኦፕቶሜትሪስቶችንም ያስተምራል። ኦፕቶሜትሪስት ማለት የዓይንን የማየት አቅም የሚለካና መነጽር የሚያዝ ባለሙያ ነው። ከመግባታችን በፊት ለባለሙያዋ አስቀድሜ ይቅርታ ጠየቅኩ፦ «አትናገርም፣ ሰሌዳውን አታውቀውም፣ አትተባበርም።»

ባለሙያዋ «መተባበር አያስፈልጋትም፤ መቀመጥ ብቻ ይበቃታል» አለችኝ።

እንግዲህ ይህን ክፍል ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፤ ለብዙ ቤት የሚጠቅመው ይሄ ነውና።

በመጀመሪያ ዓይኗ ውስጥ ጠብታ ተደረገላት። ጠብታው የዓይንን ብሌን ያሰፋል፤ ዓይን ለማጥራት የሚታገልበትን ጡንቻም ለጥቂት ሰዓት ያሳርፋል። ጠብጠብ ሲደረግ አለቀሰች፤ ሌላ ምንም የሚያም ነገር አልነበረም። ከዚያ መብራቱ ጠፋ። ሚጣ እናቴ ጭን ላይ ተቀመጠች። በእናቴ ስልክ መንዙማ ተከፍቶ ፊት ለፊት ራቅ ብሎ ተያዘላት፤ ድምፁንና ብርሃኑን ተከትላ ቀጥ ብላ አየች። ባለሙያዋ ሬቲኖስኮፕ የተባለ፣ ከእጅ ባትሪ ብዙም የማይተልቅ መሣሪያ ይዛ ቀጭን የብርሃን መስመር ወደ ዓይኗ ላከች፤ ግራና ቀኝ አወዛወዘችው። ብርሃኑ የዓይን ውስጠኛ ግድግዳ ነክቶ ይመለሳል። ሲመለስ ወዴት እንደሚንቀሳቀስ ባለሙያዋ ታያለች። ዓይኗ ፊት ሌንስ ታስቀምጣለች፤ ትቀይራለች፤ ትጨምራለች። የሚመለሰው ብርሃን መንቀሳቀሱን ሲያቆም ትክክለኛው ሌንስ ተገኘ ማለት ነው።

ልጅቷ አንድም ጥያቄ አልተጠየቀችም። ፊደል ማወቅ፣ መናገር፣ መጠቆም አላስፈለጋትም። ሙሉ መልሱን የሰጠው ከዓይኗ የተመለሰው ብርሃን ነው። ጨለማ ክፍል፣ ብርሃን፣ ወደ ዓይን የሚገባ ጨረር፤ እኔ በሐሙስ ማታ በፕሮጀክተር ያሳየሁት ነገር ነበር ፊቴ የሚሠራው። ኢብኑል ሀይሠም መነጽር አልሠራም፤ መነጽር የታየው ከእሱ ሁለት ምዕተ ዓመት ተኩል ያህል በኋላ ጣሊያን ውስጥ ነው። ግን ያ ክፍል ውስጥ ቢገባ ምን እየተደረገ እንደሆነ ሳይነገረው ይገባው ነበር ብዬ አስባለሁ። እኔ ግን ስሙን እየጠራሁ ከእህቴ ጋር አንድ ቤት ስድስት ዓመት ኖርኩ።

ውጤቱ ቀኝ ዓይን +6.00፣ ግራ +6.50 ሆነ። ቁጥሩ ዳዮፕተር ነው፤ በሜትር የተለካ የትኩረት ርቀት ግልባጭ። +6 ማለት አንድ ሜትር ለስድስት ሲካፈል፣ ወደ 17 ሴንቲ ሜትር የትኩረት ርቀት ያለው ወፍራም አጉሊ ሌንስ ነው። ዓይኗ ኳሱ አጭር ስለሆነ ምስሉ ከዓይኗ ኋላ ግድግዳ አልፎ ይወድቃል። ጤነኛ ሕፃን እንዲህ ያለውን ጉድለት በከፊል በጡንቻው ጉልበት እያጠራ ይቋቋመዋል። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ብዙ ልጆች ግን ይህ ጉልበት ደካማ ነው፤ በብሪታንያ በካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ማርጋሬት ውድሃውስና ባልደረቦቿ ለዓመታት ያጠኑት ይህንኑ ነው። ለዚህም ነው ቅርቡንም ለማንበብ ታችኛው ክፍሉ የተለየ ሌንስ ያለው ባይፎካል መነጽር እንደሚረዳቸው ያሳዩት። ከእነዚህ ልጆች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መነጽር የሚያስፈልጋቸው ናቸው። ማለትም የሚጣን ስም የነገረን ወረቀት «ዓይኗንም አሳዩ» የሚለውን አብሮ ይነግረን ነበር። እኛ ግን ወረቀቱን ሁሉም ነገር ያለቀበት ደብዳቤ አድርገን አጥፈን ከተትነው።

«ታዲያ ለምን አስጠግታ ታያለች?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ሲጠጋ አይጠራላትም፤ ይተልቅላታል። ብዥ ያለ ትልቅ ነገር ብዥ ካለ ትንሽ ነገር ይሻላል» አለችኝ።

ሉሁ ፊቴ ድቅን አለ። ልጅቷ አልቀለደችም። አሊፍን ለማየት የምትችለውን ሁሉ እያደረገች ነበር።

ባለሙያዋ ሌላም ነገር ነገረችን። አእምሮ ማየትን የሚማረው በልጅነት ነው። በእነዚያ ዓመታት ጥርት ያለ ምስል ካልደረሰው መማሩን ይተዋል፤ በኋላ መነጽር ቢደረግም ዓይኑ ሰነፍ ሆኖ ሊቀር ይችላል። በጊዜ ከተደረሰበት ይስተካከላል፤ ዘግይቶ ግን እየከበደ ይሄዳል። ስለዚህ «ስታድግ አምጧት» የሚለው ምክር መልካም ቢመስልም ጊዜዋን የሚበላ ምክር ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ ሻሿን አውልቃ የሚጣን ፊት ሸፈነችላት፤ በጠብታው ምክንያት ፀሐዩ እንዳያማት ነበር። ከዚያ ደብረ ታቦር እስክንገባ አልተናገረችም።

መነጽሩ ለአባቴ የሁለት ሳምንት ገቢ ፈጀ። ሲደርስ ሁላችንም ከበብናት። ፊልም ላይ እንደምናየው ሕፃኑ መነጽር ሲደረግለት እናቱን አይቶ የሚስቅበትን ጊዜ ጠበቅን። ሚጣ መነጽሩን አውልቃ ወረወረችው። መልሰን አደረግንላት፤ መልሳ ወረወረችው። በሦስተኛው ቀን ጎመን ድስት ውስጥ አገኘነው። አንዲት ጎረቤታችን መነጽሩ ዓይኗን ሲያጎላው አይታ «ልጅቷን ለቡዳ አጋለጣችኋት» አለች። እናቴ «አላህ ይጠብቃታል፤ አንቺም ማሻአላህ በይ» ብላ መለሰችላት።

የምትወረውርበት አንዱ ምክንያት ግን ቀላል ነበር፤ ይንሸራተታል። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆች የአፍንጫቸው ድልድይ ዝቅ ያለ፣ ጆሯቸውም ትንሽ ነው። ለሌላ ልጅ የተሠራ ፍሬም ይወርድና ሌንሱ ከዓይናቸው በታች ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ ልጇ ዳውን ሲንድረም ያለባት አንዲት እናት በዚህ ተቸግራ ድልድዩ ዝቅ ያለ ፍሬም እስከ መሥራት ደርሳለች። እዚህ ግን የለም። እኔ ደግሞ የምማረው ጋፋት ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩት፣ ያንን በብዙ ሰው ጉልበት እስከ መቅደላ የተጎተተ መድፍ ያስቀለጡት እዚሁ ጋፋት ነው። እኛም ስለ ትልቅ ነገር ማሰብ እንወዳለን። የኔ የዚያ ሴሚስተር ሥራ ግን የአንዲት ሕፃን አፍንጫ ሆነ። የአፍንጫዋን ስፋት በቨርኒየር ካሊፐር ለካሁ፤ እየሳቀች ነው ያስለካችኝ። የፕላስቲኩን እግር ሙቅ ውኃ ውስጥ እያስገባሁ ከጆሯዋ ኋላ እንዲታጠፍ አደረግኩት። እናቴ ከቀሚስ የተረፈ ላስቲክ ሁለቱ ጫፍ ላይ ሰፋችና በጭንቅላቷ ዙሪያ፣ ከሒጃቧ ሥር አሳለፈችው። ቆመ።

ከዚያም ሙሉ ቀን እንድታደርገው ማስገደዱን ተውን። የምትወደው ነገር በተደረገ ቁጥር ብቻ አደረግንላት፤ ዶሮ ሲመገብ፣ ዳቦ ሲቆረስ፣ አባቴ ከሱቅ ሲመለስ። አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ አሥር።

በአራተኛው ሳምንት አንድ ቅዳሜ ቤት ነበርኩ። እናቴ በረንዳ ላይ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅማለች። ሚጣ መነጽሯን እንዳደረገች ከጎኗ ቁጢጥ ብላ ነበር። እናቴ ጠጠር ታወጣለች፤ ትጥላለች። ሚጣ ታያለች። ብዙ ቆየች። ከዚያ እጇን ወደ ሰፌዱ ሰደደች፤ እናቴ ልትደፋው ነው ብላ ልትከለክላት ስትል እኔ «ተያት» አልኳት። ሚጣ በሁለት ጣቷ አንዲት ጠጠር አነሳች። የምስር ፍሬ የምታክል ጠጠር። ወደ ዓይኗ አላስጠጋቻትም። በዘረጋችው እጇ ላይ እንዳለች አይታ ለእናቴ ሰጠቻት።

እናቴ ጠጠሯን ተቀበለች። አልጣለቻትም። በመዳፏ እንደያዘች ረጅም ጊዜ ዝም ብላ ተቀመጠች። ከዚያ «ይህን ሁሉ ዓመት ምስር ስለቅም አጠገቤ ነበረች» አለች። ለእኔ ይሁን ለራሷ አላውቅም።

እኔ ተነሥቼ ገባሁ። ሉሁን ከቁም ሳጥን ላይ አወረድኩ፤ አቧራውን ጠረግኩ። አሊፍን ጻፍኩና እስኪደርቅ ጠበቅኩ። ወጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩት። ሚጣ መጀመሪያ ሉሁን አላየችም፤ እኔን አየችኝ። ያ ቀን የነጠቅኳት ትዝ ብሏት ይሁን አላውቅም፤ እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች። ይህን አልረሳውም። «ያያ አይቆጣም» አልኳት። ያያ የምትለኝ እሷ ናት። ቆይታ ጣቷን ዘረጋችና ከላይ እስከ ታች በአሊፉ ላይ አስኬደችው።

«አሊፍ» አላለችም። እስከ ዛሬም አትልም። አንድ ቀን ትል እንደሆነ አላህ ያውቃል። መነጽር ዳውን ሲንድረምን አያድንም፤ አድኖልናል ብዬ አልዋሻችሁም። ዛሬም ዘግይታ ነው የምትናገረው፤ ዛሬም በዝግታ ነው የምትማረው። ነገር ግን ደረጃ ላይ አታለቅስም። አባቴ በሩ ላይ ድምፁን ሳያሰማ ትሮጥለታለች። የማትችለው የቱ እንደሆነና ያላየችው የቱ እንደሆነ መለየት ጀምረናል። ይህን ሳንለይ ነው ስድስት ዓመት «አትችልም» ስንል የኖርነው።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሱረቱ ዐበሰን ሁላችንም ቀርተናል። የወረደችበትን ምክንያትም በመድረሳ ተምረናል። ዓይነ ስውሩ ዐብዱላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ.) ሊማር መጥቶ ሳለ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የቁረይሽ ታላላቆችን በማነጋገር ላይ ነበሩና ፊታቸውን ዞር አደረጉ። አላህ ስለዚህ ከሰባት ሰማይ በላይ ተናገረ። ያ ሰው በኋላ ከቢላል (ረ.ዐ.) ጋር የመስጂድ ሙአዚን ሆነ፤ ነቢዩም ከመዲና ሲወጡ በቦታቸው ይተኩት ነበር። እኔ ይህን ሱራ ስንት ጊዜ ለልጆች አስቀርቻለሁ! ሊማር የመጣን፣ ማየት ያቃተውን ሰው ከመማሪያው መመለስ ምን እንደሆነ የሚናገር ሱራ ለልጆች እያስቀራሁ፣ ማየት ያቃታትን እህቴን እጇን ይዤ ከክፍሉ ያስወጣኋት እኔ ነኝ።

«ቀደር ነው፤ ሰብር አድርጉ» የሚለውን ቃል እወደዋለሁ፤ ቤታችንን ያቆመው እሱ ነው። ግን ሰብር ማለት ሰበቡን ሳይፈልጉ መቀመጥ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ታከሙ ብለው ያዘዙን ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ.) ተከታዮች ነን። ክሮሞዞሟ የአላህ ውሳኔ ነው። መነጽር ሳታገኝ ስድስት ዓመት መቆየቷ ግን የእኛ ቸልተኝነት ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልዬ ለቀደር አላስረክብም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ቢያንስ 2.2 ቢሊዮን ሰዎች የማየት ችግር እንዳለባቸው፣ ከእነሱ ቢያንስ የ1 ቢሊዮኑ መከላከል ይቻል የነበረ ወይም ገና መፍትሔ ያላገኘ መሆኑን ገልጿል። ከምክንያቶቹ ግንባር ቀደሙ መነጽር ብቻ የሚያስተካክለው ችግር ነው። ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ እኔ ግን የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው።

ሴሚስተሩ አልቆ ወደየቤታችሁ ስትሄዱ፣ ቤታችሁ ወይም ሰፈራችሁ «ያው እሱ እንዲህ ነው» የሚባል ልጅ ካለ አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ እዩት። ነገሮችን አስጠግቶ ይይዛል? ደረጃ ይፈራል? ድምፅ ካልሰማ ሰው አይለይም? ዓይኑን ያሻል? ይህ ካለ፣ «አይናገርም፣ አይመረመርም» የሚላችሁን አትመኑ። ሳይናገር የሚመረመርበት መንገድ አለ፤ ሬቲኖስኮፕ ያለበትን ቦታ ጠይቁ። መነጽሩ ከታዘዘ ይንሸራተታል፤ ላስቲክ ስፉበት። ይወረውረዋል፤ መልሱለት። መድረሳ የምታስተምሩ ደግሞ፣ ልጁ ሉሁን አፍንጫው ላይ ቢለጥፍ እባካችሁ ከእጁ አትንጠቁ።

በዚያ ዒድ ጥያቄውን ለጠየቀችን እህታችን አላህ ጀዛዋን ይክፈላት። ስሟን እንዳልጽፍ ነግራኛለች። «ተምር ነው የሰጠሁት» ነው የምትለው።

እኔንም አላህ ይቅር ይበለኝ። ሚጣን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ምን እንዳልኳት ይግባት አይግባት አላውቅም፤ ጣቷን መነጽሬ ላይ አደረገችና ሳቀች። አዎ፣ እኔም መነጽር አደርጋለሁ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ። ሰሌዳው አይታየኝም ባልኩ በሳምንቱ ነበር የተገዛልኝ፤ እኔ መናገር እችል ነበርና።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።